የእርሻ ባርነት በአሜሪካና በደጃችን ያለፈው መንገድ



በዚህ እትም ለጥናት ያቀረብነው ርእስ ከሩቅ ሀገር የሚነሣ ነው። ይኸውም ከዐሥራ ስድስተኛው እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ አህጉርና በደሴቶቿ የተስፋፋው የሰፋፊ እርሻዎች ባርነት ነው። ርእሱን የመረጥነው ታሪክ ለማወቅ ብቻ ብለን አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና በሚጠናበት ጊዜ ስለ ባርነት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ የሚሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ያ የነጮች ሥራ ነው፤ በእኛ ሀገር የነበረው የቤት አገልጋይነት እንጂ እንደዚያ ያለ ባርነት አይደለም» ይባላል። ይህ መልስ ከፊሉ እውነት፥ ከፊሉም ማምለጫ ነው። ሁለቱን ለመለየት አስቀድመን በአሜሪካ የነበረው ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም በእኛ ደጋ ምን ይደረግ እንደ ነበረ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ለሩቅ ገበያ የሚታረስ መሬት

በጃማ ዋልካ መሬት ላይ የሚያርስ የደጎሎ ገበሬ፥ ወይም በመካነ ሰላም ዙሪያ በቦረና ደጋ የሚኖር ወንድሙ፥ እርሻን የሚያውቀው በአንድ መልክ ነው። ሁለት በሬ ይጠምዳል፤ ጤፍ፥ ስንዴና ምስር ይዘራል፤ ካመረተው መጀመሪያ ቤተ ሰቡ ይበላል፥ ለዘር ይቀመጣል፥ የተረፈው ለገበያ ይወጣል። ድካሙ እጅግ ቢበዛም ማን እንደሚበላለት ያውቃል።

በአሜሪካ የተቋቋመው ሰፊ እርሻ፥ ፕላንቴሽን የሚባለው፥ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚመረተው ለአምራቹ ምግብ አይሆንም፤ ሸንኮራ አገዳ፥ ትምባሆ፥ ቡና፥ ኋላም ጥጥ ነው። ገበያው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። መሬቱ ከነባሩ ሕዝብ በጦር የተወሰደ፥ ሠራተኛውም ከአፍሪቃ ተገዝቶ በመርከብ የመጣ ነው። ባለ እርሻው ብዙ ጊዜ በሎንዶን ወይም በፓሪስ ተቀምጦ ሒሳቡን በደብዳቤ ይቀበላል። በእርሻው መዝገብ ላይ የሰዎቹ ስም ከበሬዎቹና ከመዳብ ድስቶቹ ጋር ተዘርዝሮ ከእያንዳንዱ ፊት ዋጋ ይጻፍበታል።

ከሁሉም የከፋው የስኳር እርሻ ነበረ። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ጭማቂው ይበላሻል። ስለዚህ በመከር ወራት መጭመቂያው ሌሊትና ቀን አያቆምም። ባሮቹ በጭፍራ ተከፍለው ቀን አገዳ ይቆርጣሉ፥ ሌሊት በተራ መጭመቂያው ላይ ይቆማሉ። አገዳውን በእጃቸው እያጎረሱ በሦስት ትላልቅ መዳመጫዎች መካከል ያሳልፉታል። በእንቅልፍ የደከመ ሰው ጣቱ ከተያዘ ክንዱ ተከትሎ ይገባልና፥ ክንዱን ቆርጦ ሕይወቱን ለማትረፍ ከመጭመቂያው አጠገብ የተሳለ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር። መሣሪያውን የሚያቆም ብልሃት ከመፈለግ ይልቅ መጥረቢያ ማስቀመጥ የቀለለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቆመ መጭመቂያ ገንዘብ ያከስራል፥ የሞተ ባሪያ ግን ከሚቀጥለው መርከብ ይተካል። በስኳር ደሴቶቹ ከሚወለደው የሚሞተው ይበልጥ ነበርና፥ የእርሻዎቹ ሒሳብ በዚሁ መተካካት ላይ የቆመ ነበረ።

የታሪክ ሊቃውንት የመርከቦቹን መዛግብት ሰብስበው እንደ ቈጠሩት፥ ከ1501 እስከ 1866 ድረስ 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪቃውያን በአትላንቲክ ውቅያኖስ መርከቦች ላይ ተጭነዋል፤ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል ናቸው። የቀሩት በባሕር ላይ አለቁ። ከደረሱትም እጅግ የሚበዙት ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወሰዱ። ዛሬ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሚባለው ሀገር በቀጥታ የወረዱት 400,000 እንኳ አይሞሉም፤ ነገር ግን የጥጥ መፈልቀቂያ መኪና በ1793 ከተሠራ በኋላ የጥጥ እርሻ በመስፋፋቱ፥ በ1790 ወደ 700,000 የነበረው የባሮች ቍጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደርሷል። መኪና የሰውን ሸክም ያቀላል ስንል፥ በማን እጅ ሆኖ ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ እንረዳለን።

ካቶሊካውያን የሆንን ሁሉ በተለይ ልናውቀው የሚገባ አንድ ሕግ አለ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 «ጥቁሩ ሕግ» ተብሎ የሚታወቀውን ደንብ ለደሴቶቹ አወጣ። በዚህ ደንብ ባሮች ሁሉ በካቶሊክ እምነት እንዲማሩና እንዲጠመቁ፥ በእሑድና በበዓላት ቀን እንዳይሠሩ ታዝዟል። ይኸው ደንብ ባሪያው የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው ይላል፤ ለአንድ ወር ጠፍቶ የተገኘ ጆሮው እንዲቈረጥም ያዝዛል። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ የእግዚአብሔር ልጅ የሚያደርገውን ምሥጢር ለመቀበል የተገባ፥ በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር የሚቈጠር ሆነ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በሁለቱ መካከል ተቃርኖ አልታያቸውም፤ ለዘመናችን አንባቢ አስደንጋጩ ይህ ነው።

ከእኛ ሀገር የወጣችው ተክል

ከእነዚህ እርሻዎች ምርት አንዱ ከሀገራችን የወጣ ነው። የቡና ዛፍ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ፤ የየመን ገበሬዎች በእርከን ላይ አለሙት፥ በሞካ ወደብም ለዓለም ሸጡት። ሆላንዳውያን በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ጃቫ ወሰዱት፤ ከጃቫ አንድ ችግኝ በ1706 ወደ አምስተርዳም የአትክልት ስፍራ መጣ፤ ከዚያም ዘር አንዱ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተሰጠ። በ1720ዎቹ ዓመታት ማርቲኒክ ደሴት ደረሰ፥ ብራዚልም ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳን ዶሚንግ፥ ዛሬ ሃይቲ የምትባለው፥ በ1780ዎቹ መጨረሻ ከዓለም ቡና ግማሽ ያህሉን ታመርት ነበር። በዚያን ጊዜ በዚያች ትንሽ ምድር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ባሪያ ነበረ። ስኳሩ በሜዳው፥ ቡናው በተራራው ነበር። በነሐሴ ወር 1791 ሌሊት ባሮቹ ተነሡ፤ ከዐሥራ ሦስት ዓመት ጦርነት በኋላ ጥር 1 ቀን 1804 ሃይቲ ነፃ መንግሥት ሆነች። ፈረንሳይ ግን በ1825 የጦር መርከቦች ልካ፥ የቀድሞ ባለ እርሻዎች ላጡት ንብረት ካሣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል አስገደደቻት። ከ«ንብረቱ» መካከል ከፋዮቹ ራሳቸው ይገኙበት ነበር። እንግሊዝም በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለችው ለጌቶች ነው፤ ለባሮቹ አንዳች አልተሰጠም።

ከሃይቲ ውድቀት በኋላ ቡናው ወደ ብራዚል አዘነበለ። በሪዮ ዴ ጃኔሮ አቅራቢያ ያለው የፓራይባ ወንዝ ሸለቆ ደኑ ተመንጥሮ በባሮች ጕልበት ቡና ለበሰ። ብራዚል ባርነትን ያስቀረችው ከአሜሪካ ሀገሮች ሁሉ በመጨረሻ፥ ግንቦት 13 ቀን 1888 ነው። በቤታችን ረከቦቱ ቀርቦ ቄጠማ ተጐዝጕዞ የምንጠጣው ያ ፍሬ በሌላ ምድር ይህን ያህል እንባ እንዳፈሰሰ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ኖረናል።

በእርሻዎቹ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን የሀገራችንን ስም ያውቁ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ከሰሙ በኋላ፥ ስለ ኢትዮጵያና ወደ አምላክ ስለምትዘረጋቸው እጆቿ በሚናገረው በመዝሙር 67(68) ቃል ተስፋቸውን አኖሩ። በጃማይካና በሰሜን አሜሪካ ጥቁር ክርስቲያኖች ራሳቸውን ኢትዮጵያውያን ብለው ጠሩ፤ ለእነርሱ ኢትዮጵያ ማለት ጥቁር ሰው የማይሸጥባት ምድር ማለት ነበረች። የዚያች የተስፋ ምድር ገበያ በዚያን ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር ከማየታችን በፊት ግን፥ የቤተ ክርስቲያናችንን ድርሻ በአጭሩ እንመልከት።

የቤተ ክርስቲያን ቃልና የልጆቿ ሥራ

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ቀጥተኛ መስመር አይደለም፤ መምህራንም ቀጥተኛ አድርገው እንዳያስተምሩት እንለምናለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 5ኛ በ1452 የፖርቱጋልን ንጉሥ የማያምኑትን ድል ነሥቶ ለዘለዓለም ባርነት እንዲያስገባ ፈቀዱለት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በ1537 በተቃራኒው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ወደ ፊት የሚታወቁት ሕዝቦች ሁሉ፥ ከእምነት ውጭ ቢሆኑም እንኳ፥ ነፃነታቸውንና ንብረታቸውን ሊነጠቁ እንደማይገባ አወጁ። የእነዚሁ ነባር ሕዝቦች ጠበቃ የነበሩት የዶሚኒካውያኑ አባ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ፥ መጀመሪያ በእነርሱ ፈንታ አፍሪቃውያን እንዲመጡ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ኋላ ግን የአፍሪቃውያኑም መያዝ ያው ግፍ መሆኑን ተረድተው በጻፉት ታሪክ ንስሐቸውን ገለጡ። በካርታኼና ወደብ ቅዱስ ጴጥሮስ ክላቬር እስከ ሞታቸው እስከ 1654 ድረስ፥ ከመርከብ የሚወርዱትን ሕሙማንና ቍስለኞች በእጃቸው እያጠቡ፥ እያበሉና እያስተማሩ ኖሩ። እርሳቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። በ1838 የዚያው ማኅበር አባቶች በሜሪላንድ የነበሯቸውን 272 ሰዎች፥ ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ፥ ለሉዊዚያና ባለ እርሻዎች ሸጡ፤ ከገንዘቡም ከፊሉ ለጆርጅታውን ኮሌጅ ዕዳ መክፈያ ዋለ። ማኅበሩ በ2017 በዚያው በጆርጅታውን በተደረገ ጸሎት የተሸጡትን ሰዎች ዘሮች በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ከሽያጩ በኋላ ባለው ዓመት፥ በ1839፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ የባሪያን ንግድ በብርቱ ቃል አወገዙ። አሁን የምንነግራችሁን ነገር በተለይ አስተውሉ። በደቡብ ካሮላይና የቻርልስተን ጳጳስ የነበሩት ጆን ኢንግላንድ ለመንግሥት ሹም በጻፏቸው ደብዳቤዎች፥ የቅዱስ አባታችን ውግዘት የሚመለከተው ከአፍሪቃ የሚደረገውን ንግድ እንጂ በሀገራቸው በየቤቱ ያለውን ባርነት አይደለም ብለው አስረዱ። ንግዱ ክፉ ነው፥ በእኛ ቤት ያለው ግን ሌላ ነው ማለታቸው ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው የእኛ መልስ ከዚህ የሚለየው በምን ይሆን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1888 ለብራዚል ጳጳሳት በላኩት መልእክት ባርነትን ራሱን፥ ንግዱን ብቻ ሳይሆን፥ አወገዙ። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤም በ1965 ባርነትን የሰውን ክብር ከሚያረክሱ ነውሮች መካከል ቈጥሮታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት ወር 1992 በሴኔጋል ጎሬ ደሴት ላይ ቆመው፥ የተጠመቁ ሰዎች በዚህ ንግድ ስለ ሠሩት ኃጢአት የእግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል።

በዓባይ ማዶና በዓባይ ወዲህ

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በአሜሪካ የታየው ዓይነት ሰፊ የባሪያ እርሻ በሰሜኑ ደጋ አልተስፋፋም፤ ይህ የመልሳችን እውነተኛው ክፍል ነው። ምክንያቱ ግን ቸርነታችን አልነበረም። መሬቱ በርስት ተከፋፍሎ በገበሬ ቤተ ሰብ እጅ ነበር፤ ሥራው የሁለት በሬና የአንድ አራሽ ሥራ ነው፥ በጭፍራ የሚሠራ አይደለም፤ እህሉን የሚገዛ የባሕር ማዶ ገበያ አልነበረም፤ ጌቶች የሚፈልጉትንም ግብር ገባሩ ራሱ ይከፍል ነበር። ሁኔታው በተለየበት ስፍራ ነገሩም ይለያል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በጅማ መንግሥት፥ የሂርማታ ገበያ ትልቅ የባሪያ ገበያ በነበረበት፥ የባላባቶቹን እርሻ በብዛት የሚሠሩት ባሮች ነበሩ።

በደጋው የባሪያው ዋና የሥራ ቦታ ቤቱ ነበር። ከሥራውም ሁሉ የከበደው ወፍጮው ነው። የውሃና የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ትልቅ ቤት ወይም የአንድ ጦር ሰፈር እንጀራ ሁሉ በመጅ የሚፈጭ ነበረ። ሴቲቱ ተንበርክካ፥ ጀርባዋን አጥፋ፥ ከዶሮ ጩኸት በፊት ጀምራ ትፈጫለች፤ ከዚያ ውሃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች። እህል ፈጭተው ያደጉ እናቶቻችን ለራሳቸው ቤት ብቻ ሲፈጩ ምን ያህል እንደሚደክሙ ያውቃሉና፥ ለመቶ ሰው መፍጨት ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ይገባቸዋል። በቤት ውስጥ መኖሩ፥ የጌታውን ልጅ ማሳደጉ፥ አንዳንዴም እንደ ቤተ ሰብ መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን መሸጥ የሚቻል የቤተ ሰብ አባል የለም።

መንገዱስ? በደቡብ ጎጃም በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለ ገበያው በዝርዝር ጽፏል። ከዓባይ ማዶ፥ ከግቤ አካባቢ መንግሥታት፥ ከሊሙ እናርያና ከከፋ የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ሰው ያመጡ ነበር። ከባሶ ገሚሱ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ፥ ገሚሱ ወሎን አቋርጦ ወደ አውሳና ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዳል። በየኬላው ለሞፈርና ለአሞሌ ሳይሆን ለሰው ራስ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ነው የሚጓዙት። ከቦረናና ከከላላ ተራሮች ወደ ዓባይ በረሃ የሚመለከት ሁሉ የዚያን መንገድ ምድር ይመለከታል።

በእኛ በኩል የሚሰማ ሌላ ማምለጫም አለ፤ «ነጋዴዎቹ እስላሞች ነበሩ» የሚለው ነው። በክርስቲያንና በእስላም ጉርብትና በሚኖር እንደ ወሎ ባለ ሀገር ይህን ዓይነት ንግግር በትምህርት ቤታችን ልንፈቅድ አይገባም፤ እውነትነቱም ግማሽ ነው። ክርስቲያን ሰውን እንዳይሸጥ ልማዱ ይከለክል ስለ ነበር ንግዱ በአብዛኛው በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበረ። ነገር ግን ዘምቶ የማረከው፥ በኬላ ቀረጡን የተቀበለው፥ ገዝቶም በቤቱ ያኖረው ብዙ ጊዜ ክርስቲያን ነው። ፍትሐ ነገሥትም ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ነፃ መሆኑን ከተናገረ በኋላ በጦርነት የተማረከው ባሪያ መሆኑን ይቀበላል፤ ሰዎች የተጠቀሙበትም በሁለተኛው ቃል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ በየዘመናቸው የባሪያን ንግድ የሚከለክል ቃል አውጥተዋል። ንግዱ ግን አልቆመም፤ ከፋ በ1897 በተያዘች ጊዜም ሕዝቧ በብዛት ተማርኮ ተወስዷል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ የባርነት ነገር ዋናው መከራከሪያ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን ዐዋጅ አወጡ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የቀረው ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከብራዚል 54 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ቍጥሩን ለመምህራን ማስታወሻ እንዲሆን እንተወዋለን።

ሁለቱ አናሲሞሶች

መልእክተ ፊልሞናን በምታስተምሩበት ጊዜ የሀገራችንን አናሲሞስ እንድትጨምሩ እንመክራለን። በ1850ዎቹ በኢሉባቦር የተወለደ ሂካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ፥ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም ወሰደ፤ ይህም የፊልሞና ባሪያ የነበረው የአናሲሞስ ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ በ1899 ታትሞ ወጣ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ሴት ናት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባላት ባይሆኑም ሥራቸው የክርስቲያን ሁሉ ሀብት ነው። ሂካ የሚለው የልጅነት ስሙ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት መሆኑን ስንሰማ፥ የሸጡት ሰዎች ምን እንደ ሸጡ አለማወቃቸው ይገርመናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ከፊልሞና የጠየቀው ለባሪያው እንዲራራለት ብቻ አይደለም። አናሲሞስን ከባሪያ የሚበልጥ የተወደደ ወንድም አድርጎ፥ ጳውሎስን ራሱን እንደሚቀበል አድርጎ እንዲቀበለው ነው። ይህ በማዕድ አብሮ መቀመጥን፥ በልጆች ጋብቻም መዛመድን ይጨምራል። አስቸጋሪው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎም በብዙ ስፍራ አልተፈታም።

በሀገራችን ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቈጠራል። ሰባት ቤት መቍጠር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የተደረገ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን በዚያው ቈጠራ ውስጥ «ያያቱ እናት የማን ቤት ነበረች?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይገባል፤ መልሱ በሹክሹክታ ይነገራል፥ እጮኝነቱም ምክንያቱ ሳይገለጥ ይፈርሳል። ወፍጮ ላይ ተንበርክካ የኖረችው ሴት በአራተኛ ትውልዷ ላይ ዛሬም ትሸጣለች ማለት ነው። ልጅን ለመገሠጽ ወይም መልክን ለመስደብ «ባሪያ» የሚለው ቃል ሲወረወር በየመንገዱ እንሰማለን። «ሻንቅላ» የሚለውም የአንድ ሕዝብ ስም አልነበረም፤ በምዕራብ ቆላ የሚኖሩ ጉምዝን፥ በርታንና ሌሎችን ለመያዝና ለመሸጥ የተመቸ አንድ የወል መጠሪያ ነበረ። በአሜሪካም «ጥቁር» እና «ባሪያ» አንድ ትርጕም እስኪይዙ ድረስ የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ልጆቻችንን ገብረ ሚካኤል፥ ገብረ ማርያም እያልን በክብር እንሰይማለን፤ ገብር ማለት በግእዝ አገልጋይም ባሪያም ማለት መሆኑን ግን አናስብም።

ለመምህራን የቀረበ

ከተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄዱት እኅቶቻችን ኑሮ ባርነት ነው ወይ የሚል። ፈጥናችሁ አዎን ወይም አይደለም አትበሉ። እነርሱ በፈቃዳቸው የወጡ፥ ደመወዝ የሚቈረጥላቸው ናቸው፤ በስኳር እርሻ ላይ የነበረው ሰው ይህ አልነበረውም። ነገር ግን ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የተያዘባት፥ በር የተቈለፈባት፥ ደመወዟ የተከለከለባት ልጅ ብትኖር፥ መመዘኛው «መውጣት ትችላለች ወይ?» የሚለው ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱ ጊዜ ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ተነሥቶ ነበር። ከተማሪዎቻችሁ መካከል እኅቱ ወይም እናቱ በዚያ ያለች ሊኖር ስለሚችል በጥንቃቄ ተናገሩ።

እንዲሁም በክፍላችሁ ውስጥ በዘሩ የሚታማ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «በእኛ መንደር እነማን ናቸው?» የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ አስቀድማችሁ ዝጉ፤ ቢነሣም ስም እንዳይጠራ አድርጉ። የሚመረመረው የቈጣሪው ልብ እንጂ የተቈጣሪው አጥንት አይደለም።

ትምህርቱን ለማቅረብ የሚመቸው ቀን የቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በዓል የሚውልበት የካቲት 1 ቀን አካባቢ ያለው እሑድ ነው። በዳርፉር ተወልዳ በልጅነቷ የተሸጠችው፥ ከድንጋጤ ብዛት የገዛ ስሟን የረሳችው፥ በ1889 በኢጣሊያ ፍርድ ቤት ነፃ መሆኗ የተረጋገጠላት፥ በ2000 ቅድስት ተብላ የተሰየመችው እኅታችን ናት። ከ2015 ጀምሮ ይኸው ቀን በመላዋ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ንግድ የሚጸለይበት ሆኗል። መልእክተ ፊልሞና ሃያ አምስት ቍጥር ብቻ ስለሆነች ከትምህርቱ በፊት ሙሉዋን አንብቡላቸው። ፊልሞና ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ምን እንዳደረገ በመጽሐፉ አልተጻፈም፤ ተማሪዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍለው፥ እርሱ በቤተ ሰቡና በጎረቤቶቹ ፊት ምን ሊመልስ እንደሚችል ይነጋገሩበት።